ሦስት መቶ ሰው ያጠፋሁበት ቅዳሜ

እኔ እንኳን ሰው ዶሮ አርጄ አላውቅም። በዓል ሲመጣ ቢላዋውን ለጎረቤት አቀብዬ ፊቴን አዞራለሁ። ነገር ግን በደርግ ዘመን፣ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ በስምንት ደቂቃ ውስጥ፣ ሦስት መቶ የሚሆን የጉለሌ ሰው ከቁስቋም ዳገት ላይ ድራሹን አጥፍቻለሁ። ሁሉም በሰላም ቤታቸው ገብተው ምሳቸውን በልተዋል። ምሳ ያልበላሁት እኔ ብቻ ነኝ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁና ፍረዱኝ። ከእናንተ በፊት የፈረደብኝ ሰው ስለነበረ የእናንተ ፍርድ ከእሱ ይከፋል ብዬ አልሰጋም።

በዚያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ቀይ ሽብር ጋብ ብሎ፣ ሰው መንገድ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማሳል የጀመረበት ወቅት ነው። አዲሱ ገበያ፣ ከታክሲ ማቆሚያው ዝቅ ብላ በነበረች አንዲት ፎቶ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ባለቤቱ ጋሽ አማረ ይባላሉ። ሥራችን የቀበሌ መታወቂያ ፎቶ ማንሳት ሲሆን፣ ጋሽ አማረ ስለ ፎቶ ጥበብ የነበራቸው እምነት በአንድ ትንፋሽ ያልቃል፤ «ሁለቱም ጆሮ ይታይ፣ ሌላው የባለቤቱ ጉዳይ ነው።» በዚህ ምክንያት የሰፈሩን ሰው በሙሉ በጆሮው አውቀው ነበር። ስም ግን አልይዝም። መንገድ ላይ ሰላም የሚለኝን ሰው በጎን አየት አድርጌ፣ «አሃ፣ ያ ጆሮው ገባ ያለው» ብዬ አልፋለሁ።

ታዲያ ራሴን የጆሮ አንሺ አድርጌ የማይ እንዳይመስላችሁ። አርቲስት ነበርኩ። ማን አለ? እኔ አልኩ። ከሰልባጅ ተራ የገዛሁት ባርኔጣ ነበረኝ፤ ወደ ግራ አዘንብዬ ስደፋው የግራ ጆሮዬ አይታይም። ጋሽ አማረ ይህን እንደ ስድብ ነበር የሚቆጥሩት።

በሽታው የጀመረኝ ከበርበሬ ነው። ገበያው ውስጥ በርበሬ የሚሸጡ እትዬ ወርቄ የሚባሉ ሴት ነበሩ፤ ሃምሳን ያለፉ፣ ምላሳቸው ከሚሸጡት ዕቃ የማይተናነስ። አንድ ቀን ሩብ ኪሎ ሊጠቀልሉልኝ የቀደዱትን ወረቀት ሳየው የውጭ አገር የፎቶ መጽሔት ነው። ለምኜ ወሰድኩት። ውስጡ ሁለት ፎቶዎች ነበሩ። አንደኛው ላይ አንድ ሰው ጨለማ ውስጥ ቆሞ ዙሪያውን ነጭ የብርሃን መስመር እንደ ክር ተጠምጥሞበታል። ሁለተኛው ላይ የትልቅ ከተማ አውራ መንገድ በጠራራ ፀሐይ፣ አንድም ሰው ሳይታይበት ተዘርግቷል። ማብራሪያው በእንግሊዝኛ ነው። ግማሹን አነበብኩ፣ ግማሹን ገመትኩ። የገመትኩት ግማሽ ነው በኋላ ጉድ የሠራኝ።

ለሙከራ የተጠቀምኩት የጋሽ አማረን አሮጌ የእንጨት ሣጥን ካሜራ ነው። በሦስት እግር ይቆማል፣ በጎኑ ጥቁር የጨርቅ እጅጌ አለው። በእጅጌው እጃችሁን አስገብታችሁ ወረቀቱን እዚያው ሣጥኑ ውስጥ መድኃኒት ውስጥ ትነክሩታላችሁ። መጀመሪያ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ እሱኑ መልሳችሁ ስታነሱት ይቃናል። ታዲያ የተከራየሁትን ክፍል አጨልሜ፣ ሌንሱን ከፍቼ እተወውና የእጅ ባትሪ ይዤ ፊት ለፊቱ እዞራለሁ። ወረቀቱ ላይ ባትሪው የሄደበት መንገድ ብቻ በብርሃን ተስሎ ይቀራል። ባትሪውን የያዝኩት እኔ የለሁም። አከራዬ በበሩ ቀዳዳ ጨለማ ውስጥ ብቻዬን እጄን እያወዛወዝኩ ስሽከረከር አይተውኝ በማግስቱ ጠበል ይዘውልኝ መጡ። ጠጣሁት። አልተወኝም።

የማልታየው ክፍሉ ስለጨለመ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሁለተኛውን ፎቶ፣ ያን ባዶ አውራ መንገድ ደግሞ፣ በዓል ቀን የተነሳ ነው ብዬ ገምቼ አለፍኩት። እነዚህን ሁለት ግምቶች ያዙልኝ፤ ከእነሱ የተረፈ ብልህነት አልነበረኝም።

አንድ ዓርብ የቀበሌያችን ሊቀመንበር አስጠሩኝ። ጓድ ታፈሰ ይባላሉ። ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ የትምህርት ቤት ሱሪዬን የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው። ደግሞም ታናሽ ወንድሜ በክፉው ጊዜ ተይዞ ሳለ፣ «ልጁን አውቀዋለሁ» ብለው በፊርማቸው ያስፈቱት እሳቸው ናቸው። ሊቀመንበር ከሆኑ ወዲህ ግን ወፈር ብለው፣ ንግግራቸውም እንደዚያው ወፈር ብሎ ነበር።

«ነገ ቁስቋም ዳገት ላይ የእርከን ሥራ ዘመቻ አለ» አሉኝ። «ለከፍተኛው ኤግዚቢሽን አንድ ትልቅ ፎቶ እንፈልጋለን። ሰፊው ሕዝብ ይታይ!»

«ይታያል ጓድ ሊቀመንበር።»

«አንድም ሰው እንዳይጎድል።»

«አንድም አይጎድልም» አልኩ። ይህን ያልኩት በገዛ አፌ ነው።

ለወጣቶቹ አንባቢዎች፤ «ከፍተኛ» ማለት የብዙ ቀበሌዎች የበላይ የሆነ፣ የራሱ ካድሬ፣ የራሱ መኪናና የራሱ እስር ቤት የነበረው ጽሕፈት ቤት ነው።

ጋሽ አማረ ሁለት ትላልቅ የፎቶ ወረቀት ሰጡኝ፤ መልሶ ለማንሻ ፎቶ ቤት ካስቀሯት አንዲት በቀር ከዚያ በላይ አልነበራቸውም፣ ከተማውም ውስጥ አይገኝም። ቅዳሜ ጠዋት ሣጥኔን ተሸክሜ ዳገቱ ሥር ስደርስ ሞገስ የሚባለው አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን አንግቦ አስቆመኝ።

«ሣጥኑ ውስጥ ምን አለ?»

«ወረቀት።»

«ምን የተጻፈበት ወረቀት?»

«ገና ምንም አልተጻፈበትም።»

«ገና?» አለና ክዳኑን ብድግ አድርጎ ከፈተው። አንዱ ወረቀት ብርሃን ገብቶት አለቀ። ሁለተኛው በጥቁር ከረጢት ታሽጎ ስለነበር ተረፈ።

አሁን ጤነኛ ሰው ምን ያደርጋል? አንድ ወረቀት ብቻ ቀርቶታል፤ ሌንሱን ከፍቶ ዘግቶ፣ ጠቅ አድርጎ ይሄዳል። እኔ ግን የዳገቱን ሰው ሳይ ልቤ ተነሳ። ሦስት መቶ ሰው፤ ገሚሱ ዶማ ይዞ ይቆፍራል፣ ገሚሱ ድንጋይ ተሸክሞ ይወጣል ይወርዳል። ይህን ሕዝብ እንደ ጆሮ ላነሳው ነው? አይሆንም። እንደ ወንዝ ይፈስሳል! ነጭ ጭጋግ ሆኖ ዳገቱን ያጥለቀልቀዋል! ኤግዚቢሽኑ ላይ ሰው አፉን ከፍቶ ይቆማል፣ ባርኔጣዬን ወደ ግራ አዘነብላለሁ፣ በቃ።

ሌንሱን ነቅዬ በምትኩ በመርፌ ጫፍ የተበሳ ቆርቆሮ ገጠምኩ። በዚህች ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ጥቂት ስለሆነ፣ በዚያ ደመናማ ቀን ወረቀቱ እስኪጠግብ ስምንት ደቂቃ ይፈልጋል። ከፈትኩትና ሰዓቴን እያየሁ አጠገቡ ቆምኩ።

እትዬ ወርቄ ትልቅ ድንጋይ በጀርባቸው ተሸክመው በፊቴ አለፉ። ሲመለሱ አዩኝ። እንደገና ተሸክመው አለፉ።

«አንተ ዘሪሁን፣ አታነሳንም እንዴ? ምን ተገትረህ ትጠብቃለህ?»

«እያነሳሁ ነው እትዬ።»

«እኔ እኮ ይህን ድንጋይ ይዤ ሦስቴ ተመላለስኩ!»

«ይመላለሱ እትዬ፣ ይመላለሱ! እንዲያውም ፈጠን ይበሉ!»

«ፈጠን ይበሉ ይለኛል እንዴ!» አሉና የበርበሬ ዓይናቸውን ወርውረውብኝ ሄዱ።

ስምንት ደቂቃው ሞላ። ሣጥኑን ዘግቼ ወደ ፎቶ ቤቱ በረርኩ። አጥቤ፣ ገልብጬ አንስቼ፣ ፎቶው መድኃኒቱ ውስጥ ቀስ እያለ ሲመጣ ጎንበስ ብዬ አየሁት።

ዳገቱ መጣ። የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከበላይ መጣ። የተቆፈረው እርከን ጥርት ብሎ መጣ። ሰው ግን አልመጣም። ጠበቅሁ። አሁንም አልመጣም። ወረቀቱን ወዘወዝኩት፣ ሰው ከታች ተደብቆ ከሆነ ብዬ። የለም። ቀዩ መፈክር የተሰቀለበት ሁለት ቋሚ እንጨት ይታያል፤ ጨርቁ ግን ነፋስ ሲያወዛውዘው ስለነበር በእንጨቶቹ መካከል እንደ ጭስ ቀርቷል።

ከመላው የቀበሌያችን ነዋሪ በፎቶው ላይ የወጡት ሦስት ናቸው። ጓድ ታፈሰ፣ ጉብታ ላይ ቆመው፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ እስከ ኮታቸው ቁልፍ ድረስ ጥርት ብለው ወጥተዋል። ሞገስ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጠመንጃውን ተደግፏል። ሦስተኛዋ ውኃ ጭና የመጣች አህያ ናት።

ጋሽ አማረ መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት። «የአህያዋ ጆሮ የት ሄደ?» አሉ በመጨረሻ።

«ጋሼ፣ ሰዉስ?»

«ቆይ እንጂ፣ በየተራ ነው» አሉና ከዚያ ቁጭ አሉ።

መጽሔቱን አወጣሁ፣ መዝገበ ቃላት ፈልጌ የባዶውን መንገድ ማብራሪያ ከፊደል ፊደል አነበብኩት። በዓል ቀን አልነበረም። መንገዱ ከአፍ እስከ ገደፉ በሰው ተሞልቶ ነበር። ሌንሱ ለረጅም ጊዜ ክፍት ሲሆን የሚንቀሳቀስ ነገር ወረቀቱ ላይ ሳያርፍ ስለሚያልፍ አይመዘገብም፤ የሚቀረው ቆሞ የዋለው ብቻ ነው ይላል። በጨለማም በብርሃንም ያው ነው። ዕውቀት ዘግይቶም ቢሆን ገባኝ።

«ልጄ፣ ካሜራው ተሰረቀ ብንልስ?» አሉ ጋሽ አማረ።

ሳንስማማ ሞገስ ገባ። «ደረቀ?»

«አልደረቀም፣ ሰኞ...»

«መንገድ ላይ ይደርቃል» ብሎ ከገመዱ ላይ ነጠቀው። አየውና ፊቱ በራ። «እኔ ጥሩ ወጥቻለሁ!» አለ። ይዞት ሄደ።

እሑድ ጠዋት ስብሰባ ተጠራ። ጓድ ታፈሰ ስብሰባ የሚጠሩት ሁልጊዜ እሑድ ጠዋት ነው፤ ኦርቶዶክሱን ከቅዳሴ፣ ጴንጤውንም በር ዘግቶ ከሚዘምርበት ቤት እኩል ያስቀራሉ። በዚህ ረገድ አድልዎ አያውቁም ነበር። አዳራሹ ከአንድ ሀብታም የተወረሰ የጠጅ ቤት ነው። በሩ ላይ የከፍተኛው ላንድሮቨር ቆሟል። ስትመጣ የኋላ መቀመጫዋ ባዶ ነበር። ባዶዋን እንደማትመለስ አዳራሹ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም።

መድረኩ ላይ ጠረጴዛ ከፊታቸው አድርገው ጓድ ታፈሰና አንድ የከፍተኛው ካድሬ ተቀምጠዋል። ካድሬው በዕድሜ ከእኔ አይበልጥም፤ ቀጭን፣ ድምፁን የማያነሳ፣ የሚያስፈራውም ለዚያ ነው። ፎቶዬን ብድግ አደረገ።

«ጓዶች፣ ይህ የትናንቱ ዘመቻችሁ ነው ተብሏል። አንድ ሊቀመንበር፣ አንድ ጠመንጃ፣ አንድ አህያ አየሁ። ሕዝቡን ያያችሁ አሳዩኝ።» ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ያነሳው የታለ?»

ቆምኩ።

«ሦስት መቶ ሰው የት አደረስክ?»

«አሉ ጓድ። እ... ማለቴ፣ እነዚህ ናቸው» አልኩ ወደ አዳራሹ እያመለከትኩ።

«መፈክሩስ?»

«ነፋስ ነበረ።»

«የአብዮቱን መፈክር ነፋስ ወሰደው ነው የምትለው?»

ምንም ማለቴ አልነበረም። በዚህ መካከል ጓድ ታፈሰ ተነሱ፤ ግንባራቸውን ላብ አጥምቆታል። «ጓድ፣ ይህ ግልጽ አሻጥር ነው! ሕዝቡን ሆን ብሎ ሰርዞ፣ ቀበሌው መሪ እንጂ ተመሪ የለውም ለማስባል የተሠራ የአድኃሪ ሥራ ነው!» ወንድሜን ያስፈቱ ሰው ናቸው ይህን የሚሉት። ዓይኔን ግን አላዩም፤ ላንድሮቨሯ ውስጥ ከሁለት አንዳችን እንደምንገባ ገብቷቸዋል።

ካድሬው ወደ በሩ ቀና ሲል አፌ ሳልጠይቀው ተናገረ። «ጓድ፣ ላሳይዎት! እዚሁ፣ አሁን! ስምንት ደቂቃ ከፍቼ ነው ያነሳሁት፤ ሰው ሲንቀሳቀስ ወረቀቱ አይዘውም። ሣጥኔን ላምጣ።»

ካድሬው «ያምጣ» አለ።

ሞገስ አጅቦኝ ሄጄ ሣጥኑን ከትናንሽ የመታወቂያ ወረቀቶች ጋር አመጣሁ። መስኮቱን ሁሉ በሕዝቡ ጋቢና ነጠላ አስሸፈንኩ። አዳራሹ ጨለም አለ። ካድሬውንና ሊቀመንበሩን «እባካችሁ እንደተቀመጣችሁ አትንቀሳቀሱ» አልኳቸው። ሞገስን ባትሪ አስያዝኩትና፣ «ሌንሱን ስከፍት ባትሪውን ወደ እኔ እያበራህ በመድረኩ ላይ ከግድግዳ ግድግዳ ተመላለስ፣ በቃ እስክልህ እንዳትቆም» አልኩት። ጠመንጃውን እንዳነገበ፣ ሰልፍ ላይ እንዳለ ሰው፣ ግራ ቀኝ እያለ ተመላለሰ። ሦስት መቶ ሰው ትንፋሹን ውጦ ያየዋል። ሦስት ደቂቃ።

እጄን በእጅጌው አስገብቼ አጠብኩ፣ ገልብጬ አነሳሁ፣ እንደገና አጠብኩ። መስኮቱ ተከፈተ። እርጥቡን ፎቶ ለካድሬው ሰጠሁት።

ጠረጴዛው አለ። ካድሬው ራሱ ትንሽ ደብዘዝ ብሎ ተቀምጧል። ጓድ ታፈሰ ከነቁልፋቸው አሉ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ በራሳቸው ላይ፣ የብርሃን መስመር እንደ ነጭ ክር ተዘርግቷል። ሞገስ የለም።

ሞገስ አንገቱን አስግጎ አየ። «እኔስ የት ሄድኩ?»

«ስትንቀሳቀስ ስለነበር አልያዘህም። የቀረው የባትሪው ብርሃን ነው።»

«ጠመንጃዬስ?»

«ጠመንጃህም የለም።»

ትከሻውን ዳበሰ፤ ጠመንጃው አለ። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ፣ ከዚያ ብዙ ሰው ሳል ያዘው።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ታሪኩ አጭር ይሆን ነበር። ግን አርቲስት ነኝ። ሕዝቡ ሲሰማኝ ደስ አለኝና ንግግር ጀመርኩ። «ስለዚህ ጓዶች! ትናንት ሦስት መቶ ሰው ፎቶው ላይ የጠፋው አሻጥር ተሠርቶ አይደለም። ለአንዲት ደቂቃ እንኳ እጁን ስላላሳረፈ ነው! የሠራ ሰው አይታይም። አለመታየታቸው የመሥራታቸው ማስረጃ ነው!»

አዳራሹ አጨበጨበ። ሳይታዘዝ ሲያጨበጭብ ያየሁት ያኔ ነው። እኔም እጅ ልነሳ ጎንበስ አልኩ።

ቀና ስል ካድሬው አያጨበጭብም። የትናንቱን ፎቶ አንስቶ፣ ቀስ ብሎ ወደ ጎኑ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ።

«እንግዲህ» አለ ዝግ ብሎ፣ «የሚታየው ያልሠራው ነው ማለት ነው።»

ጭብጨባው እንደ ውኃ ቧንቧ ተዘጋ። የጓድ ታፈሰ ፊት አመድ መሰለ። አንባቢዎቼ፣ ይህን ልክ እንደ እናንተ ያኔ ነው የተረዳሁት። ሙሉ ጠዋት ያሰርኩትን ገመድ አንገታቸው ላይ ነበር ለካ የምጠመጥመው። ካድሬው ወደ እኔ ዞረ።

«መልስ። እዚህ ጉብታ ላይ የሚታየው ሰው ስምንት ደቂቃ ሙሉ አልተንቀሳቀሰም?»

አዎ ብል ላንድሮቨሯ ሊቀመንበሩን ይዛ ትሄዳለች፤ በዚያን ጊዜ የሄደ ሁሉ ይመለሳል ማለት አይደለም። አይደለም ብል የሣጥኑ ምሥጢር ውሸት ሆኖ እኔ እሄዳለሁ። ጓድ ታፈሰን አየኋቸው። መርፌ የጠፋበት ልብስ ሰፊ መስለው ተቀምጠዋል።

«አልተንቀሳቀሱም ጓድ» አልኩ። «እንዳይንቀሳቀሱ ያዘዝኳቸው እኔ ነኝ።»

«አንተ?»

«እኔ። ለፎቶው አንድ ቋሚ ነገር ያስፈልገኝ ነበር፣ ለመለኪያ። እሳቸው ዶማ ይዘው ሊወርዱ ሲሉ ‹ጓድ ሊቀመንበር፣ እባክዎ ባሉበት ይቁሙልኝ› አልኳቸው። እምቢ ብለው ነበር፣ ለመንኳቸው።»

«ይሄኛውስ?» ጣቱን ሞገስ ላይ አሳረፈ።

«እሱንም አዘዝኩት።»

«አህያዋንስ?»

ይሳቅ ወይስ አይሳቅ የሚያውቅ አልነበረም። «አህያዋን አላዘዝኩም ጓድ» አልኩ። «እሷ በራሷ ነው።»

ካድሬው ወደ ሕዝቡ ዞረ። «ይህ ሰው ሊቀመንበሩን እንዲቆሙ ሲያዝዝ የሰማ አለ?»

ሦስት መቶ ሰው እዚያ ነበር። ሦስት መቶ ሰው እንዳልተባለ ያውቃል። ጓድ ታፈሰ እኔ ዳገቱ ላይ ሳልደርስ ጀምሮ፣ ከሄድኩም በኋላ፣ ዘመቻ በተጠራ ቁጥር ሁሉ እዚያ ጉብታ ላይ እንደሚቆሙ የማያውቅ የለም።

እትዬ ወርቄ ተነሱ። «እኔ ሰምቻለሁ» አሉ። «ድንጋይ ተሸክሜ በፊቱ ስመላለስ ነበር። ‹ይቁሙ፣ ይቁሙ› እያለ ሲጨቀጭቃቸው፣ ይህ ልጅ ምን ነካው ብያለሁ።»

«እኔም ሰምቻለሁ» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ያልሰማ አልተገኘም።

ካድሬው አመነን አላመነን ዛሬም አላውቅም። ግለ ሂስ እንዳቀርብ አዘዘኝ። አቀረብኩ፤ የንዑስ ከበርቴ ዝንባሌ አለብኝ አልኩ፣ ለግል ዝና ስል የሕዝብ ሥራ መጫወቻ አደረግሁ አልኩ። የሚገርማችሁ፣ በዚያ ዘመን ከተነገሩት ግለ ሂሶች ሁሉ እውነት የነበረው የእኔ ሳይሆን አይቀርም። ፎቶው ተቃጠለ። እኔም ለሦስት ወር በየቅዳሜው ዳገቱ ላይ እንድቆፍር ተፈረደብኝ። ላንድሮቨሯ ባዶዋን ሄደች።

ከአዳራሹ ስወጣ ደረቴ ቀድሞኝ ይወጣ ነበር። ሰው አድኛለሁ! ለወንድሜ ፊርማ ብድር መልሻለሁ! እዚህ ላይ ላሳምራችሁ እችል ነበር፤ ግን ሊቀመንበሩ ከተወሰዱ ለምስክርነት እኔም አጠገባቸው እንደምጫን አስቤ ነበር። የትኛው ሐሳብ ቀድሞ እንደመጣ አትጠይቁኝ። እትዬ ወርቄን በር ላይ አገኘኋቸውና ላመሰግናቸው እጃቸውን ያዝኩ።

«አዳኑን እትዬ! ግን ለምን? እሳቸውን እኮ አይወዷቸውም።»

«ታፈሰ ቢሄድ በቦታው የሚመጣውን አላውቀውም» አሉ። «የታፈሰን ቆሞ መዋል ለምጄዋለሁ።»

«እሱስ ልክ ነው፣ እንዲያው ቆሞ መዋል...» ብዬ ሳቅሁ።

አልሳቁም። ባርኔጣዬን፣ ከዚያ እጄን አዩት። መዳፌን ገልብጠው በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አደረጉት፤ ልስላሴው ሳያስገርማቸው አልቀረም። «አንተስ? እኔ ድንጋይ ስመላለስ አንተ ምን ታደርግ ነበር? እሱም ቆሞ ዋለ፣ አንተም ቆመህ ዋልክ። እሱስ ቢያንስ ፎቶ ላይ ወጣ።» እጄን መለሱልኝና ሄዱ።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ሕይወቴን የለወጠው ካድሬው ነው ብላችሁ ከጠበቃችሁ ይቅርታ። እሱን በሳምንቱ ረሳሁት። ያቺ መልስ ግን ዛሬም፣ ጥርሴ ካለቀ በኋላ፣ ትነክሰኛለች። ከዳገቱ ሰዎች ሁሉ ስንፍናው ያልተመዘገበበት እኔ ብቻ የሆንኩት ከካሜራው ጀርባ ስለቆምኩ ነው። ቅዳሜ መጣና ዶማ ያዝኩ። መዳፌ በመጀመሪያው ሰዓት ተላጠ። ከሁለት ወር በኋላ የሰፈሬን ሰዎች ስም አወቅሁ፤ ጆሯቸውንማ ድሮም አውቅ ነበር። ሦስቱ ወር ሲያልቅ «ጨርሰሃል፣ መምጣት አይጠበቅብህም» አሉኝ፤ መሄዴን ቀጠልኩ። ከዚያ ወዲህ ፎቶ አንሺነቴን አልተውኩም፤ ግን የሰው ሥራ ከማንሳቴ በፊት አንድ ሰዓት አብሬ እሠራለሁ። ሠርግ ላይ ደግሞ አንድ ሰዓት አብሬ እበላለሁ፤ ደንብ ደንብ ነው።

ጓድ ታፈሰም ተለወጡ፤ ወይ ፈሩ፣ ልዩነቱን አላውቅም። በሁለተኛው ቅዳሜ ከጉብታቸው ወርደው ኮታቸውን አውልቀው አጠገቤ መቆፈር ጀመሩ። ብዙም አይችሉበትም ነበር። ትንፋሽ ሲያጥራቸው ጠጋ ብለው፣ «ስምንት ደቂቃ ነው ያልከው?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ስምንት።»

«ቀኑን ሙሉ ነበር እኮ የቆምኩት» አሉና መሬቱን መቱት።

በዚያው ሰሞን ከፍተኛው ለኤግዚቢሽኑ የራሱን ፎቶ አንሺ ላከ፤ ደህና ካሜራ ያለው፣ ሥራውን የሚያውቅ ልጅ። ዳገቱ ላይ ቆሞ፣ «ባላችሁበት! ማንም እንዳይንቀሳቀስ!» ብሎ ጮኸ። ሦስት መቶ ሰው ዶማውን ወደ ላይ እንደሰቀለ፣ ድንጋዩን እንዳዘለ ቀጥ አለ። እኔም ቀጥ አልኩ። ጓድ ታፈሰ ብቻ ካሜራ ሲያዩ ደንግጠው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ሳያቋርጡ ይቆፍሩ ነበር።

ፎቶው ኤግዚቢሽኑ ላይ ተሰቀለ፤ ሄጄ አየሁት። ሕዝቡ በሙሉ አለ፣ ሁሉም ጥርት ብሏል፣ ማንም ምንም እየሠራ አይደለም። ጋሽ አማረም አብረውኝ ነበሩ፤ ጆሮዎቹን ቆጥረው ረኩ። በመካከል ግን ከእኔ አጠገብ አንድ ደብዛዛ ነጠብጣብ ወጥቶ ስለነበር አዘጋጆቹ ጉድለቱን ለመሸፈን ቆንጆ አድርገው የተጻፈ ወረቀት ለጥፈውበታል። ቀረብ ብዬ አነበብኩት። ስለ ሥራ ክቡርነት የሚናገር መፈክር ነበር።